የእትዬ ባይነሽ ጀርባ

ሐምዱ የሴት ልብስ ሲሰፋ ሜትር አያወጣም ነበር። ይህን በጭድ ተራ የማያውቅ የለም። ሴት ደንበኛ ስትመጣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሰቅልና «አሮጌ ቀሚስሽን ይዘሽ ነይ» ይላል። አዲሱ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል፤ አሮጌው ቀሚስ በላዩ ይዘረጋል፤ ሐምዱ በመቀስ ዙሪያውን ይሄድበታል። እንዲህ እያለ ከሰፋቸው ቀሚሶች ውስጥ ከአሮጌው የተሻለ አንድም አልነበረም፤ የባሰም አልነበረም። ደንበኞቹ የሚወዱለትም ይህንኑ ነው። ሜትሩ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ የሚወርደው ለወንድ ሱሪ ብቻ ነው።

እህቱ ጠሂራ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ከደሴ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰው ሲያናግራት ጫማዋን ታያለች፤ መልስ ስትሰጥም ለጫማዋ ነው የምትሰጠው። አንዳንድ ደንበኛ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የስፌት መኪና ብቻውን የሚሠራ ይመስለው ነበር። መኪናው ሲንጀር ነው፤ ባለ ብረት እግር፣ ባለ መርገጫ፣ ባለ መሳቢያ። ጠሂራ ሰው ፊት የማትደፍረውን ሁሉ በእሱ ላይ ትደፍረዋለች። ስታስሮጠው እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐምዱ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ።

«ጠይብ ልኮብኛል» አለ። ጠይብ የአጎታቸው ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ልብስ ስፌት ሊከፍት ነው። «መኪና አጥቷል። ያንቺ ደግሞ ከትራስ ሌላ ሥራ አያውቅም።»

ጠሂራ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። «ሰጠኸው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።» ሐምዱ ፊቷን ሲያይ ልቡ ራራ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቃል መስጠት የሚወድ ሰው ነው። «ቆይ፣ ለአንቺም ቃል ልስጥሽ። አንድ ደንበኛ አምጪ። የራስሽ የሆነ፣ የሰፋሽለትን ለብሶ የማይመልስብሽ፣ አንድ ሰው! እስከ ዓርብ ካመጣሽ መኪናው ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ካላመጣሽ ጠይብ ከጁምዓ በኋላ ይጭነዋል።»

መኪናው ከሄደ ጠሂራም ትሄዳለች። ደሴ ያለችው አክስታቸው «ልጄን ላኩልኝ፣ የሚጠይቃት ሰው አለ» ብላ ሁለት ጊዜ አስጽፋለች። የሚጠይቃት ሰው የበቅሎ ነጋዴ ነው። ጠሂራ አንድ ጊዜ አግኝታዋለች፤ መጀመሪያ ያየው ጥርሷን ነበር።

ቅዳሜ ማንም አልመጣም። እሑድም ማንም አልመጣም። ሰኞ ከምሳ በኋላ ግን የሱቁ በር ጨለመ።

በሩን ያጨለሙት እትዬ ባይነሽ ናቸው፤ በአትክልት ተራ ድንችና ሽንኩርት በጅምላ የሚሸጡ ጎጃሜ። በልጅነታቸው ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ ሲያወርዱ ነው ያደጉት። ዛሬ አውራጅ ቀጥረውም እጃቸው አርፎ አይቀመጥም፤ «እሱ ሲጥለው ድንቹ ይቆስላል» እያሉ ራሳቸው ያነሱታል። ትከሻቸው በሐምዱ በር ቀጥ ብሎ አይገባም። በጎናቸው ነው የሚገቡት፣ ቁም ሳጥን እንደሚገባ።

«ሐምዱ፣ እንዴት ሰነበትክ?»

ሐምዱ ጣሪያውን ተመለከተ። «አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ ባይነሽ። አሮጌውን ቀሚስ ይዘዋል?»

«ዛሬስ ቀሚስ አይደለም።»

«ጉርድ ነው?»

«ጉርድም አይደለም። ከቀሚስ ሥር ነው።»

ሐምዱ አሰበ። «ካልሲ?»

«ኧረ ከካልሲ በላይ!»

ሐምዱ ከቀሚስ ሥር፣ ከካልሲ በላይ ያለውን አገር በሐሳቡ ሲዞር ቆየና ድንገት ላብ አሰመጠው። «ጠሂራ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያም «ቁልፍ ልገዛ ነው» ብሎ ወጣ። መደርደሪያው ላይ ሦስት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ ተቀምጦ ነበር።

እትዬ ባይነሽ መጋረጃውን አልፈው ገቡና የቀሚሳቸውን የአንገት ቁልፎች ፈተው ቀሚሱን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ። ጠሂራ ጫማዋን ልታይ ነበር፤ ግን ዓይኗ እዚያው ቀረ። ፒያሳ በመስታወት ውስጥ እየተሰቀለ የሚሸጠው ዓይነት ነጭ ጡት መያዣ ነው። በጀርባ በኩል መንጠቆውና ማቆላለፊያው በአንድ ስንዝር ተራርቀው ቆመዋል። መሃሉ የተገናኘው በሲባጎ ነው፤ የሽንኩርት ጆንያ አፍ በሚታሰርበት ሲባጎ።

«ባለሱቁ ‹ትልቁ ይሄ ነው› ብሎ ነው የሰጠኝ» አሉ እትዬ ባይነሽ። «ለማን ነው ትልቁ? ለዶሮ? ማንገቻው ደግሞ ይኸው፣ ትከሻዬ ላይ ቦይ ቆፍሯል። ክረምት ሲገባ ውሃ ይወርድበታል። ሠላሳ ዓመት ስሸከም ድንች ከብዶኝ አያውቅም፤ ይህች ስንዝር ጨርቅ ግን ገደለችኝ። ልጣላት ብል ደግሞ ጆንያ ሳነሳ…» ንግግራቸውን በእጃቸው ጨረሱት።

«ልሞክርልዎት?» አለች ጠሂራ፣ ለሲባጎው።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ!»

«ልሞክርልዎት አልኩ።»

«ታዲያ ለምን መጣሁ?»

ጠሂራ ዘላ ሄዳ ሜትሩን ከምስማሩ አወረደች። በእጇ ይዛው ስትመለስ እትዬ ባይነሽ ወደ ግድግዳው አፈገፈጉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሜትር ነው፤ ልለካዎት ነው።»

«በስመ አብ! ልጅ አይቆጠርም፣ ከብት አይቆጠርም፤ ገላ ይለካል? ቁጥር የገባበት ነገር በረከቱ ይሄዳል እኮ። እኔ ድንቹን እንኳ በኪሎ ሸጬ አላውቅም፤ በቁልልና በጆንያ ነው። ሚዛን የገዛው ወልደሚካኤል ዛሬ የት አለ?»

«የት ነው ያለው?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ሜትሩ ወደ ምስማሩ ተመለሰ። እትዬ ባይነሽ ባለሲባጎውን ጡት መያዣ አውልቀው በእጇ አስቀመጡላትና በጎናቸው ወጡ።

ጠሂራ ከወንድሟ የተማረችው ብልሃት አንድ ብቻ ነው። አሮጌውን ዘርጋው፤ ዙሪያውን ሂድበት። ጠበበ ስለተባለ በየበኩሉ አራት ጣት እየለቀቀች ሄደችበት። ጀርባውም አራት ጣት፣ ፊቱም አራት ጣት፣ ሁለቱ ቆቦችም አራት አራት ጣት አደጉ። ማክሰኞ ጠዋት ሰፍታ ጨረሰች፤ እትዬ ባይነሽም ገበያቸውን ለእትዬ ሠርኬ አደራ ብለው መጡ። እትዬ ሠርኬ አጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ወዳጃቸው ናቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ለበሱት።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ ባይነሽ። «እኔ ሰፊ የሆንኩት በጀርባዬ ነው። በፊቴ በኩል እግዜር ቆጥቦብኛል።»

ጠሂራ አየች። እውነት ነው። ጀርባው ገጥሟል፤ ከፊት ግን ሁለቱ ቆቦች ባዶ ሰማይ አቅፈው ቆመዋል።

«በግራው ቀይ፣ በቀኙ ነጭ ሽንኩርት ልያዝበት? ሠርኬ ብታየኝ መደብ ከፈተችብኝ ትላለች።» እንዲህ ብለው አወለቁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ ቆቦች እንደቆሙ ቀሩ።

ሐምዱ ከውጭ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ አንድ ጣቱን ብቻ ወደ ላይ አነሳ። አንድ ተመልሷል ማለቱ ነው።

ያን ዕለት ጠሂራ አንድም ትራስ አልሰፋችም። ባለሲባጎውን ጡት መያዣ በምላጭ ፈታታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታየው ዋለች። የሰፋውም ሰው፣ የሸጠውም ሰው ሴት ሁሉ ስትወፍር በየበኩሏ እኩል የምትወፍር መስሎታል። እትዬ ባይነሽ ደግሞ እንደዚያ አልተሠሩም። ጀርባቸው ሌላ ልክ፣ ፊታቸው ሌላ ልክ፣ ትከሻቸው ሌላ ልክ ነው። ሁሉም መለካት አለበት፤ ሴትየዋ ደግሞ አይለኩም።

ረቡዕ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ አትክልት ተራ ወረደች። የጭነት መኪኖቹ ደርሰው ጎመንና ድንች እየወረደ ነው፤ ጋሪ ገፊዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጠሂራ ከጎመን ክምር ጥግ ቆማ እትዬ ባይነሽን ተመለከተች። እትዬ ባይነሽ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጆንያውን ሲቀበሉ ጀርባቸው እንደ ዣንጥላ ይከፈታል። ጆንያው መሬት ሲነካ ይከደናል። እንደገና ይከፈታል። በቆመ ሰው ልክ የተሰፋ ነገር ለእኚህ ሴት የማይሆነው ለዚህ ነው አለች በልቧ። ያም ሆኖ ልኩ ያስፈልጋታል።

አንድ ሐሳብ መጣላት። ሜትር ባይፈቀድ ክንድ አለ። ሰላምታ ደግሞ ማንም አይከለክልም።

ጠሂራ ሰላምታ ስትሰጥ ከሩቅ ራሷን ዝቅ የምታደርግ ልጅ ነበረች። ያን ጠዋት ግን ትንፋሿን ሰብስባ ሄደችና «እንዴት አደሩ፣ እትዬ ባይነሽ!» ብላ ተጠመጠመችባቸው። ጣቶቿ ከኋላ አልተገናኙም። መሃሉ የቀረውን በጣቷ ጫፍ ዳሰስ አደረገች፤ አንድ ስንዝር ተኩል። ሮጣ ከጎመኑ ጀርባ ሄዳ የቀረውን ስንዝር ተኩል እጅጌዋ ላይ በጠመኔ አሰመረች። ግን ተጠራጠረች፤ ስንዝር ተኩል ነው ወይስ ስንዝር ከሩብ? ተመለሰችና «እንዴት አደሩ!» ብላ እንደገና አቀፈቻቸው። አሁን የትከሻው ቀረ። በሦስተኛው ሁለት እጇን ከትከሻ ትከሻ ዘርግታ እንደያዘቻቸው ትንሽ ቆየች።

እትዬ ሠርኬ የነጭ ሽንኩርቱን ቅርጫት ጣሉት።

«ወይኔ! ባይነሽ፣ ጠንከር በይ እህቴ!»

«ምን ሆንኩ?» አሉ እትዬ ባይነሽ።

«ልጅቷ ሦስት ጊዜ አቀፈችሽ እኮ! በዚህ ማለዳ፣ ለደስታ ሦስት ጊዜ የሚያቅፍ ሰው አይተሻል? መርዶ ነው! ንገሪያት ልጄ፣ አትጨነቂ፣ እኔ እይዛታለሁ!» እትዬ ሠርኬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ደረታቸውን መቱ። ጋሪ ገፊዎቹ ቆሙ፤ አውራጆቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አንዱ።

«የድንች ነጋዴዋ ባል ነው አሉ።»

«ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ዛሬ ነው የነገሯት?»

«ማንም አልሞተም» አለች ጠሂራ። ማንም አልሰማትም። እትዬ ሠርኬ የጎጃም ዘመድ በየተራ እየጠሩ ማልቀስ ጀምረዋል፤ እትዬ ባይነሽም ስም በሰሙ ቁጥር እየደነገጡ ነው።

«ማንም አልሞተም!» ብላ ጮኸች ጠሂራ። «ሰላም ልልዎት ነው የመጣሁት!»

ለቅሶው ቆመ። እትዬ ባይነሽ የጠሂራን እጅጌ አዩት። የጠመኔውን መስመር አዩት። ከዚያም ጎንበስ ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እትዬ ሠርኬ ግን ለቅሶው ባዶ ስለቀረባቸው እስከ ረፋድ ድረስ አኩርፈው ቆዩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛው ጡት መያዣ ደረሰ። ጠሂራ ሙሉ ቀን ስትደክምበት ስለዋለች ሲለበስ ለማየት አልደፈረችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ጠሂራ።»

«አቤት።»

«ዞረ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ፊቱ ከኋላ መጥቷል።»

ጠሂራ ስታይ እውነትም ጡት መያዣው ገላቸው ላይ እንደ ጥምጥም ይዞራል። ግራ ገብቷት ስትቆም እትዬ ባይነሽ ራሳቸው ደረሱበት። የአትክልት ተራ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሳቸውም ረቡዕ ዕለት ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ላይ መቀነት ዞረው፣ ጋቢ ጠቅልለው ነበር። ጠሂራ ያቀፈችው ይህን ሁሉ ነው።

«ለጋቢዬ ነው የሰፋሽለት» አሉ እትዬ ባይነሽ በሐዘኔታ።

ሐምዱ ከውጭ ሁለት ጣቱን አነሳ።

ከሐምዱ አጠገብ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል። ጠይብ ከኮምቦልቻ ገብቷል። ዘይት የያዘ ብልቃጥ ይዞ መጥቶ «ሲጫን እንዳይንቋቋ» እያለ የመኪናውን መርገጫና መሳቢያ ዘይት ቀባ፤ ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የጠሂራን መርፌዎች አንድ በአንድ አየ። «ይህም አብሮ ነው አይደል?» አለ።

ጠሂራ እሱ ሲወጣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ባይነሽ ቀሚሳቸውን እየቆለፉ ነበር።

«ማን ነው ይሄ?»

ጠሂራ ነገረቻቸው። ስለ ዓርብ፣ ስለ አንድ ደንበኛ፣ ስለ በቅሎ ነጋዴው ነገረቻቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ረጅም ወሬ አውርታ አታውቅም። ወሬው ጥርሷን ያየው ላይ ሲደርስ እትዬ ባይነሽ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እኔ ልዋሽልሽ እችላለሁ» አሉ። «ለብሼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ እላለሁ።»

«ዞሮ ፊቱ ከኋላ እየታየ?»

እትዬ ባይነሽ ጀርባቸውን ዳሰሱ። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

ጠሂራ ትናንት ጎመኑ ጥግ ቆማ ያየችው ሌላ ነገር ትዝ አላት። «እትዬ ባይነሽ፣ ድንች ጆንያው ከሞላ በኋላ ሦስት አራት ፍሬ ይጨምሩበታል።»

«ምርቃት ነዋ።»

«ለምን ይመርቃሉ?»

«ልክ በልኩ የሰጠሽው ነገር ይዘጋል፤ በረከቱ መግቢያ ያጣል። ምርቃት ካለው ግን በሩ ክፍት ነው። ይህን የማያውቅ ነጋዴ አለ?»

«እንግዲያውስ» አለች ጠሂራ፤ ዓይኗ ጫማዋ ላይ አልነበረም። «እኔ ሜትር አልይዝም። ቁጥር የሌለበት ክር ነው የምይዘው። አልቆጥርም፣ አልጽፍም፤ ቋጠሮ ብቻ እቋጥራለሁ። ለክቼ ስጨርስ ደግሞ ሁለት ጣት እመርቅልዎታለሁ። ልክ በልኩ አይሆንም፤ በሩ ክፍት ይሆናል።»

እትዬ ባይነሽ አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸው ጠበብ አለ፤ አትክልት ተራ ላይ ቸርቻሪ ሲመጣ የሚጠበው ዓይነት።

«በየት በኩል ነው ምርቃቱ?»

«በጀርባ። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት።»

«ሦስት ሦስት አድርጊው።»

«ሦስት ከሆነ ይዞራል።»

«ሁለት ተኩል።»

«ሁለት ነው። ግን በላስቲክ።»

«አንቺ ልጅ ነጋዴ ነሽ» አሉ እትዬ ባይነሽ፤ ቀሚሳቸውንም እንደገና ፈቱ።

ጠሂራ ለካች። ክንዳቸውን ወደ ታች አድርገው ሳለ አንድ ጊዜ ለክታ ቋጠረች። «አሁን ጆንያ እንደሚቀበሉ ወደ ላይ» አለችና እንደገና ለካች። ሁለቱን ቋጠሮዎች ስታስተያይ ልዩነታቸው በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ነበር። ለማባበል ብላ የተናገረችው ምርቃት እውነተኛ ልክ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለእትዬ ባይነሽ አልነገረቻቸውም፤ ምርቃት መለካቱን ቢሰሙ ክሩን ነጥቀው እንደሚያቃጥሉት ታውቃለች።

ዓርብ ማለዳ ቆቦቹን ትንሽ አድርጋ ቆረጠች። በዙሪያው የሚሄደውን ጨርቅ አራት ጣት ስፋት ሰጠችው። ማንገቻውን ሦስት ጣት አድርጋ ከውስጡ የታጠፈ አቡጀዲ ሰፋችበትና ከአንገት አርቃ በትከሻው መሃል እንዲያልፍ አደረገችው። መንጠቆ በሦስት መደዳ። ላስቲኩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ሱቁ ውስጥ ያለው ላስቲክ ሁሉ እንደ ፓስታ ቀጭን ነው፤ በእሱ ከሰፋችው ሌላ ቦይ መቆፈሯ ነው። ዓይኗን ስታንከራትት የሐምዱን የሱሪ ማንጠልጠያ ግድግዳው ላይ አየችው። ሰፊ፣ ወፍራም፣ ጠንካራ ነው። ሐምዱ የሚያደርገው ዓርብ ዓርብ፣ ለጁምዓ ብቻ ነው።

ጠሂራ መጋረጃውን ዘጋችና መቀሷን አነሳች።

ከረፋዱ በፊት እትዬ ባይነሽ መጥተው ለበሱት። ምንም ሳይሉ ቀሚሳቸውን ቆለፉና «የድንች መኪና ገብቶብኛል» ብለው ወደ ገበያቸው ከነፉ። ጠሂራም ወደዱት ጠሉት ሳታውቅ ቀረች።

«ማንጠልጠያዬን ያየ ሰው አለ?» አለ ሐምዱ ለሶላት ሲሰናዳ። ያየ ሰው አልተገኘም። ሐምዱ ሽርጥ አገልድሞ ሄደ።

ከጁምዓ በኋላ ጠይብ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ መጣ። ሐምዱም ሽርጡን በአንድ እጁ እንደያዘ ደረሰ። «እህቴ፣ ቃል ቃል ነው» አለ፤ እያየ ያለው ጣሪያውን ነው። ተሸካሚዎቹ መኪናውን ከመጋረጃው ጀርባ እየጎተቱ አወጡት። ከመጋረጃው ኋላ መሬቱ ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ ቀረ። ጠሂራ ምልክቶቹን ስታይ ዕንባዋ መጣ። መኪናው በሩን አልፎ መንገዱ ላይ ቆመ፤ አንደኛው ተሸካሚ ገመዱን አዘጋጀ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ባይነሽ ከሲኒማ ራስ በኩል ብቅ አሉ። እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል። እትዬ ሠርኬ ከኋላቸው ያለከልካሉ።

«ይኸው፣ ልትመልስ መጣች» አለ ጠይብ።

ሐምዱ በነጻ እጁ ሦስት ጣት አነሳ።

ጠሂራ የሰውን ፊት ማየት ከጀመረች ገና አንድ ቀኗ ቢሆንም የእትዬ ባይነሽን ፊት አየች። ቀልቷል፤ ላብ በላብ ሆኗል። ተበጥሷል አለች በልቧ። ወይ ላስቲኩ፣ ወይ መንጠቆው፣ ወይ ሁለቱም።

«ማን ነው ይህን ያወጣው?» አሉ እትዬ ባይነሽ፣ መኪናው አጠገብ ሲደርሱ።

«እኔ ነኝ» አለ ጠይብ። «ልብሱን ሊመልሱ አይደል የመጡት?»

«ልመልስ? እኔ?» እትዬ ባይነሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «ሁለት መኪና ድንች አውርጄበት ነው የመጣሁት! ከወንዶቹ ጋር እኩል! ሠርኬ፣ ምስክር!»

«አውርዳለች» አሉ እትዬ ሠርኬ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «የሌላ ሰው መኪና ላይም ወጥታ ነበር፤ በግድ ነው ያወረድናት።»

ሐምዱ አንድ ጣቱን አጠፈ፤ ቀሪዎቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ግን ግራ ገባው። ጠይብ በበኩሉ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ለመተው የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

«ግማሽ ቀን ምን ይባላል?» አለ። «ማታ ሊበጠስ ይችላል። ለብሶ የማይመልስ ነው የተባለው። ነገ ቢመልሱስ? ድንች ለስላሳ ነገር ነው፤ ፈተና አይባልም።»

«ፈተና ነው የምትፈልገው?»

«አዎ።»

እትዬ ባይነሽ ነጠላቸውን ለእትዬ ሠርኬ ሰጡ። ተሸካሚዎቹን በክንዳቸው ገለል አደረጉና መኪናው ፊት ቁጢጥ አሉ። በግራ እጃቸው የብረቱን እግር፣ በቀኝ እጃቸው የጣውላውን ጫፍ ጨበጡ። መንገደኛው ቆመ። ሐምዱ ጣሪያ ስላጣ ሰማይ አየ። እትዬ ባይነሽ ተነሡ፤ መኪናውም አብሮ ተነሣ።

«ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እትዬ ሠርኬ በነጠላው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ጠይብ ፈገግ አለ።

«መሳቢያው ነው!» አለ አንደኛው ተሸካሚ። ዘይት የጠጣው መሳቢያ ተንሸራትቶ ወጥቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ የጠሂራ መርፌዎች አስፋልቱ ላይ ያብረቀርቃሉ።

እትዬ ባይነሽ አልሰሙም። መኪናውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ጎናቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ቀስ ብለው ገቡ። ከመጋረጃው ኋላ ብረት መሬት ሲነካ ተሰማ። ሲመለሱ ሁለት ክንዳቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በሩ ላይ ዞር ዞር አሉ።

«ይህቺን ልጅ ምን እንዳደረገችው ጠይቋት!» አሉ ለመንገዱ ሁሉ። «ስከፈት አብሮኝ ይከፈታል፣ ስከደን አብሮኝ ይከደናል። ትከሻዬ መኖሩን ረስቼዋለሁ እኮ! ላስቲኩ ደግሞ፣ ከየት አመጣችው ይህን የመሰለ ላስቲክ?»

ሐምዱ ከሰማይ ዓይኑን አወረደና እህቱን አያት። ጠሂራም አየችው። ሐምዱ ሽርጡን አጥብቆ ያዘ።

«አልተመለሰም» አለ ለጠይብ። «ቃል ቃል ነው።»

እትዬ ሠርኬ ወዲያው መጋረጃውን አልፈው ገቡ። «እኔስ? እኔ ከእሷ የማንስ ይመስልሻል? ነጭ ሽንኩርት ቀላል መስሎሻል?» እያሉ ቀሚሳቸውን መፍታት ሲጀምሩ ሐምዱ እንደገና ቁልፍ ሊገዛ ሄደ። ጠሂራ መርፌዎቿን ከአስፋልቱ ለቅማ ስትነሣ ጠይብ አጠገቧ ቆሟል። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«ጠሂራ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለቤቴ… ዘኪያን ታውቂያታለሽ አይደል?»

«ሠርግህ ላይ አይቻታለሁ።»

«ትከሻዋ…» እጁን በአየር ላይ ዘረጋና አፍሮ ሰበሰበው። «እሷም ስትፈታው ማታ ማታ ታማርራለች።»

«ትምጣና ልለካት።»

«ከኮምቦልቻ? ለዚህ ብላ? ምን ብዬ ለሰው እናገራለሁ?»

ጠሂራ ከቀሚሷ ኪስ አንድ ክር አውጥታ ሰጠችው። «በደረቷ ዙሪያ አዙረህ ሁለት ቦታ ትቋጥራለህ። አንዱን እጇን ዝቅ ስታደርግ፣ አንዱን ከፍ ስታደርግ።»

«እጅሽን ከፍ አድርጊ ብላት ለምን አትለኝም?»

«ቆጥ ላይ ያለውን ሰፌድ አውርጂልኝ በላት።»

«ምጣድ እንኳ ባወርድ ‹ወንድ ነህ› ብላ ተቆጥታ ራሷ የምታወርድ ሴት…» ጠይብ አሰበበት። «ሰፌድ። እሺ። ቆጡን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።» ክሩን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ኪሱንም ቆለፈ። ከዚያም ወደ አውቶቡስ ተራ መንገድ ጀመረ።

ሁለቱ ተሸካሚዎች ገመዳቸውን እንደያዙ ተያዩ፤ ተከትለውትም ሮጡ።

«ጋሼ!» አለ አንደኛው። «ታዲያ የምንሸከመው ምኑን ነው?»